11 መስመር ኮድ

ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ አንድ ጀማሪ ልጅ «ለዚህች ትንሽ ድረ ገጽ ይሄ ሁሉ ፋይል ከየት መጣ?» አለኝ። የሰው ኮድ ነዋ! እኛ የጻፍነው ከላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ነው። የሌፍት ፓድን ታሪክ አወራሁለት።

አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከማቻ ላይ «ኪክ» ብሎ የሰየመው ሥራ ነበረው። ኪክ የተሰኘው የመልእክት መተግበሪያ ኩባንያ ስሙን ፈለገው፤ ሰውየው እምቢ አለ፤ ኤንፒኤም ለኩባንያው ፈረደ። ኮቹሉ ተናደደና በፈረንጆቹ ማርች 22 ቀን 2016 ከ270 በላይ ሥራዎቹን ነቅሎ አወጣ።

ከነሱ አንዷ ሌፍት ፓድ ናት። «7» ብለህ ብትሰጣት «007» አድርጋ ትመልስልሃለች። ከፊት ዜሮ ወይም ባዶ ቦታ መሙላት፣ በቃ። 11 መስመር! ግን ባቤል የሚባለው የታወቀ መሣሪያ በተዘዋዋሪ እሷን ተደግፎ ስለነበር፣ ስሟን ሰምተው የማያውቁ ፕሮግራመሮች ሥራ ፈቱ። (ተከፍተው የነበሩ ድረ ገጾች አልወደቁም፤ የቆመው አዲስ መገንባት ነው።) 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ኤንፒኤም ራሱ መለሳት።

ያኔ ብዙ ሰው «ይቺን እንኳ ራሳችሁ መጻፍ አቃታችሁ?» እያለ ተሳለቀ። ቀልዱ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። ኮድ መዋስ ነውር የለውም፤ ያስደነገጠኝ የተዋስከው ነገር ሳይነገርህ ከእጅህ መውጣቱ ነው። ኤንፒኤም በኋላ ሕጉን አጠበቀ፤ ሌሎች የተደገፉበትን ኮድ እንዳሻህ ማንሳት ቀረ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ኪክ የሚለውን ስም ግን ከሰውየው መውሰድ ነበረባቸው?» አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርን።