ስስ አየር፣ ስስ ላሜራ

ምን አለሽ ተራ የሚሠራ ቀጥቃጭ የላሜራ ውፍረት ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። ጠርዙን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዝ አድርጎ አንዴ ወዘወዝ ካደረገው ምን እንደሚወጣው ይነግራችኋል። ይኼ ለከሰል ምድጃ ይሆናል፣ ያኛው ለሳጥን፣ ያ ደግሞ ክብደት ስለማይችል ለመሸፈኛ ብቻ። ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው የዘይት በርሜል እዚህ በመሮና በመዶሻ ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶና ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የዚያ በርሜል ቆዳ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ለእነዚህ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ሥራ እንስጣቸው። 899 ኪሎ የሚመዝን ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ አለ። መንገዱ ሹል ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ሥራውም የዓመታት ነው። ጎማው ላስቲክ የለውም፣ ባዶ ቸርኬ ነው። ቸርኬው ከአሉሚኒየም ይሠራ፤ የቆዳው ውፍረት ግን ከ0.75 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ። ከበርሜሉ የሳሳ ማለት ነው። ይህን እሺ ብሎ የሚቀበል ቀጥቃጭ የሚገኝ አይመስለኝም። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ግን ይህንኑ ሠርቶ፣ ኪዩሪዮሲቲ ብሎ ሰይሞ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ማርስ ላይ አሳረፈው። በተከታዩ ዓመት ጎማዎቹ መበሳት ጀመሩ። ተሽከርካሪው (ሮቨሩ) በክንዱ ጫፍ ባለው ካሜራ እያነሳ የላካቸው ፎቶዎች ላይ የተቀደደው አሉሚኒየም በግልጽ ይታያል፤ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ፣ በቀዳዳው በኩል የማርስ አፈር ብቅ ብሎ።

የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች ምን ነካቸው? አጭሩ መልስ ያ ጎማ የተነደፈው ለመንዳት ብቻ አለመሆኑ ነው። የሮቨርን ቅርጽና ክብደት ከጎማው ቆዳ ጀምሮ የሚወስነው ማርስ ላይ ያለው ኑሮው ሳይሆን ወደ ማርስ የሚወርድባቸው ሰባት ደቂቃዎች ናቸው። ማረፍ የጉዞው የመጨረሻ ምዕራፍ ይመስላል እንጂ ንድፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ችግሩ የአየር ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነገሩን ከቅርብ ያውቀዋል። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚደገፍበት ያንሳል፤ ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ሲያርፍ ጅቡቲ ላይ ከሚያርፍበት ፍጥነት በልጦ መሬት ይነካል፣ ለመቆምም ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል። የቦሌው ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር የሚረዝመውም ያለ ምክንያት አይደለም። አምስት አንድ እጅ መሳሳት ይህን ያህል ካስከተለ፣ የማርስን አስቡት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት እኛ በባሕር ጠለል ከምናውቀው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ጨረቃ አየር ስለሌላት ነገሩ ቁርጥ ነው፤ በሮኬት ብቻ ትወርዳለህ። ሶቪየት ኅብረት ሉኖኮድ 1 የተባለውን የመጀመሪያውን ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ጨረቃ ላይ ያወረደችው እንዲሁ ነው። ምድር ላይ ደግሞ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ከጠፈር የሚመለስ ካፕሱል በሙቀት ጋሻና በጃንጥላ ብቻ ባሕር ላይ ወይም ሜዳ ላይ ማረፍ ይችላል። የማርስ አየር ግን ከሁለቱም አይደለም። እንዳትተወው ያቃጥልሃል፤ እንዳትተማመንበት አያቆምህም። ስለዚህ ጋሻውም፣ ጃንጥላውም፣ ሮኬቱም ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱም በተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያበላሽ።

በእኛ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በሰማዕታት ቀን ዋዜማ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ55 ላይ ፐርሰቪራንስ የተባለው ሮቨር ማረፉን የሚያበስረው ምልክት ምድር ደረሰ። ምልክቱ መንገድ ላይ 11 ደቂቃ ፈጅቷል፤ መውረዱ ራሱ የፈጀው ግን ሰባት ደቂቃ ነው። ካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶች «አየር ውስጥ ገባ» የሚለውን መልእክት በሰሙበት ቅጽበት ሮቨሩ በሰላም ቆሟል፤ ወይም ተሰባብሯል። ምንም ሊያግዙት አይችሉም ነበር። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ስምንት ዓመት የለፉበትን ሥራ ለራሱ ለማሽኑ አስረክበው እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቃቸው።

ሲገባ ፍጥነቱ በሰዓት 19,500 ኪሎ ሜትር ነበር። የሙቀት ጋሻው አየሩን ፊት ለፊት እየገፋ ወደ 1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋለ፤ ትልቁን የፍሬን ሥራ የሠራውም እሱ ነው። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 21.5 ሜትር ስፋት ያለው ጃንጥላ ተተኮሰ። ተተኮሰ የምለው በትክክል ስለተተኮሰ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ሮቨሩ የሚጓዘው ከድምፅ ፍጥነት በላይ ነበር። ናሳ ይህን ጃንጥላ እ.ኤ.አ. በ2018 ከምድር በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ በሮኬት አውጥቶ ሲፈትነው በ0.4 ሰከንድ ውስጥ ተነፍቶ 30 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጫና ችሏል። ከናይለንና መሰል ክሮች የተሠራ ጨርቅ ነው፤ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ የከባድ መኪና ጭነት ተሸከመ።

እንዲያም ሆኖ ጃንጥላው አያሳርፍም። ማርስ ላይ አቅሙ የሚያልቀው በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ማርገብ ስለማይችል፣ ከመሬት 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሮቨሩ ጃንጥላውን ጥሎ ወደቀ፤ ጀርባው ላይ የታሰረው ባለ ስምንት ሞተር ክሬንም ተቀጣጠለ። ከመሬት 20 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርሱ ክሬኑ ሮቨሩን በናይለን ገመድ ወደ ታች ለቀቀው። ጎማዎቹ እንደ አውሮፕላን እግር ተዘረጉ፣ መሬት ነኩ፣ ገመዱ ተቆረጠ፣ ክሬኑም ራቅ ብሎ በርሮ ተከሰከሰ። መሬት ሲነካ የነበረው ፍጥነት በእግር ከሚራመድ ሰው የዘገየ ነበር።

እብደት የሚመስለው ይህ ዘዴ የተመረጠው ከክብደት የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ የተንቀሳቀሰችው የመጀመሪያዋ ሮቨር ሶጆርነር 10.6 ኪሎ ብቻ ስለነበረች በአየር ከረጢት ተጠቅልላ እየነጠረች ማረፍ ችላለች። በ2004 ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ እያንዳንዳቸው 180 ኪሎ ገደማ ሆነው በዚያው መንገድ ወረዱ። አንድ ቶን የሚጠጋ ማሽን ግን ከረጢቱን ይቀደዋል። በእግር በቆመ መድረክ ላይ ይውረድ ቢባል ደግሞ የሮኬቱ ነበልባል መሬቱን ቆፍሮ ጠጠርና አቧራ ወደ ሮቨሩ ይወረውራል። በኪዩሪዮሲቲ ጊዜ ሞተሮቹ በገመድ ርቀት ላይ ሆነውም ከሁለቱ የንፋስ መለኪያዎች አንዱ ተጎድቶ ተገኝቷል፤ የተጠረጠረውም የተፈናጠረ ጠጠር ነው። ቻይና ዡሮንግ የተባለውን ሮቨሯን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በእግር ባለው መድረክ አውርዳ በተዳፋት ያስወረደችው 240 ኪሎ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጎማው ልመለስ እችላለሁ። ክሬኑ ሮቨሩን የሚያቆመው በራሱ ጎማ ላይ ነው፤ ሌላ የማረፊያ እግር የለም። ስለዚህ ጎማው ሰፊ መሆን፣ መርገጫው መለጠጥ፣ ክብደቱ ደግሞ መቀነስ ነበረበት። የኪዩሪዮሲቲ ጎማ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በቆዳው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨመር፣ ሒሳቡን የሠራ ሰው ስድስቱ ጎማ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጨመሩን ያገኘዋል። 10 ኪሎ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ገመዱ ይሸከመዋል፣ ሞተሮቹ ለእሱ ነዳጅ ያቃጥላሉ፣ ጃንጥላው ይጎትተዋል፣ ጋሻው ያቆመዋል። ከአንዱ መሣሪያ ላይ ካልተቀነሰ በቀር ቦታ የለውም። ጎማው የሳሳው የድንጋይ ነገር ተረስቶ ሳይሆን፣ ማርስ ላይ የሚወርድ እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋው ከባድ ስለሆነ ነው።

የማርስ ድንጋይ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ክፉ ሆነ። ንፋስ የሳለው፣ ከሥሩ ካለው አለት ጋር የተጣበቀና የማይንከባለል ድንጋይ አሉሚኒየሙን እንደ መሮ ወጋው። ምን አለሽ ተራ ቢሆን የተቀደደው ቸርኬ በአንድ ቀን ተበይዶ ይወጣ ነበር፤ ካስፈለገም የመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ጠርዝ ይሠራለት ነበር። እዚያ ግን መጠገን የሚቻለው በኮምፒውተር ትእዛዝ ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ ለስላሳ መንገድ እየመረጡ መንዳት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት እንደ መሬቱ የሚያስተካክል ፕሮግራም ከምድር ላኩ። ለፐርሰቪራንስ ደግሞ ጎማው ጠበብና ወፈር ተደርጎ፣ የመርገጫው ጥርስ ከ24 ወደ 48 አድጎ ተሠራ።

ሰው አጠገቡ የሌለ ማሽን የሚጠፋው በረባ ነገር ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ማርስ ፖላር ላንደር ሲወርድ እግሮቹን ዘረጋ፤ መርማሪዎች እንደደመደሙት የእግሮቹን ንዝረት ኮምፒውተሩ መሬት የነካ አድርጎ ሳይቆጥረው አልቀረም። 40 ሜትር ገደማ ላይ ሞተሩን አጠፋ። በ2016 የአውሮፓው ስኪያፓሬሊ ጃንጥላው ሲከፈት ክፉኛ ተወዘወዘ፤ ውዝዋዜ የሚለካው መሣሪያ ለአንድ ሰከንድ ያህል ከአቅሙ በላይ ሆነበት፤ ኮምፒውተሩም ከመሬት በታች ነኝ ብሎ አሰላ። ጃንጥላውን ጣለ፣ ሞተሩን ለሦስት ሰከንድ ብቻ አስነስቶ አጠፋ። የነበረው 3.7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሁለቱም ማሽኖች የተነገራቸውን በታማኝነት ፈጽመዋል። አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ «ገና ነን!» የሚል ቢኖር ይተርፉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለሀገራችን አንባቢ የሚቀርብ የሚመስለኝ የቦታ ምርጫው ነው። ሮቨሮች ቆላ ይመርጣሉ። ማርስ ባሕር ስለሌላት ሳይንቲስቶች የከፍታ መነሻ የሚሆን ጠለል በስሌት አበጅተውላታል፤ እስካሁን በሰላም ያረፉት ሮቨሮች ሁሉ የወረዱት ከዚህ ጠለል በታች ነው። የፐርሰቪራንሱ ጄዜሮ 2.6 ኪሎ ሜትር፣ የኪዩሪዮሲቲው ጌል 4.5 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር ከላይ ያለው አየር ይጨምራል፤ ጃንጥላው የሚሠራበት ጥቂት ሰከንድ ይተርፋል። ከደቡብ የሚነሳው የማርስ ደጋ እጅግ ጥንታዊና ብዙ ምስጢር የያዘ መሬት ነው፤ ከፍተኛ ቦታዎቹን ግን ማንም ሮቨር አልረገጣቸውም።

ሳይንቲስትና መሐንዲስ የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው። ሳይንቲስቱ የሚፈልገው ገደል፣ የተሰነጠቀ አለት፣ የደረቀ ሐይቅ ነው። ለዚህ ዓይነት መሬት ከምድር ምሳሌ ሲፈለግ ከሚጠሩት ቦታዎች አንዱ የእኛው ዳሎል ነው፤ አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ወርዶ ያለው የጨውና የአሲድ ምድር። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን ዳሎል ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል፣ ሌላው ቡድን በዚያው ዓመት አሲድነቱና ጨውነቱ በበረታባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም ብሎ ጽፏል። እዚህ በእጅ የሚነካ ኩሬ ላይ ሳይንቲስት ካልተስማማ፣ ማርስ ላይ ትክክለኛው አለት አጠገብ ማረፍ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። መሐንዲሱ ግን የሚፈልገው ሜዳ ነው። ሶጆርነርን የያዘው መንኮራኩር ያርፋል ተብሎ የተከለለለት ቦታ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ የፐርሰቪራንስ 7.7 በ6.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመርካቶ እስከ መገናኛ ያህል። በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥም ሮቨሩ እየወረደ የመሬቱን ፎቶ አንስቶ ከያዘው ካርታ ጋር እያስተያየ አደገኛውን ቦታ መሸሽ ይችል ነበር። ያ ባይኖር ኖሮ ገደልና ቋጥኝ የበዛበት ጄዜሮ አይታሰብም ነበር።

ቀጣዩ ፈተና ክብደት ነው። ፐርሰቪራንስ 1,025 ኪሎ ነው፤ ሰዎችን ማርስ ላይ ለማውረድ በሚወጡት ዕቅዶች ውስጥ ግን በአንድ ጊዜ 20 ቶን ገደማ የማሳረፍ ነገር ይነሳል። ለዚያ የሚበቃ ጃንጥላ በዚያ ፍጥነትና በዚያ ስስ አየር ተነፍቶ አይደርስም። የቀረው መንገድ ከድምፅ በላይ እየተጓዙ ሮኬትን ፊት ለፊት በሚመጣው አየር ላይ ማቀጣጠል ነው። ስፔስኤክስ የሮኬቱን የታችኛ ክፍል መልሶ ለማሳረፍ ከምድር በላይ ከፍ ባለው ስስ አየር ውስጥ ይህንኑ ያደርጋል፤ ናሳም ከእነዚያ በረራዎች መረጃ ሰብስቧል። ማርስ ላይ ግን ለማቆም የሚቃጠለው ነዳጅ ሁሉ ከምድር ተጭኖ የሚሄድ ነው፤ እሱም ራሱ እስኪቃጠል ድረስ መቆም ያለበት ክብደት ነው።