ኢያጎ የሌለበት ቅናት

የቅናት ቴአትር ሲነሣ የእኛ ሰው ልቡ ወደ «ኦቴሎ» ይሄዳል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ወዲህ መሐረቡም ኢያጎም እንግዳ አይደሉም። የዚያው የሼክስፒር «ዘ ዊንተርስ ቴል» ግን እምብዛም አይታወቅም። በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ላለችው ለሞያሌ መድረክ የሚመረጠው ግን እሱ ይመስለኛል።

የሲሲሊው ንጉሥ ሊዮንቴስ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሄርሚዮንን ከአብሮ አደጉ ከቦሄሚያው ንጉሥ ጋር ይጠረጥራታል። ነገር የሚጎነጉን ኢያጎ እዚህ የለም። ተዋናዩ ከደግ አስተናጋጅነት ወደ እብደት የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ፣ ያለ ማንም ገፊ ነው። ንግሥቲቱ ትታሰራለች፤ ትንሹ ወንድ ልጃቸው ይሞታል፤ እስር ቤት የተወለደችው ሕፃን ባሕር ማዶ ተጥላ እረኛ ያነሣታል። ከዚያ «ጊዜ» ራሱ ሰው ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣና 16 ዓመት ይዘላል።

ለሼክስፒር መነሻ በሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1588 በታተመው የሮበርት ግሪን ልብ ወለድ ንግሥቲቱ ሞታ ትቀራለች፤ ንጉሡም ራሱን ያጠፋል። ተውኔቱ ግን ሞታለች የተባለችውን ሄርሚዮንን ሐውልት አድርጎ ያቆማታል። ተዋናይቷ ዐይኗን ሳታርገበግብ፣ ትንፋሿን አምቃ ትቆማለች። ሊዮንቴስ ቀርቦ ያያትና ያኔ ፊቷ እንዲህ አልተጨማደደም ነበር ይላል፤ ቀራፂው ያለፉትን ዓመታት ጨምሮ መቅረጹ ይነገረዋል። ሙዚቃ ሲጀምር ትንቀሳቀሳለች። ባሏን ታቅፋለች፤ የምትናገረው ግን ጠፍታ ለተገኘችው ልጇ ብቻ ነው። ለእሱ አንድ ቃል የላትም። የሞተው ልጅም አይነሣም።

ሞያሌን ያነሣሁት በዚህ እርቅ ምክንያት ነው። በኬንያዋ ሞያሌ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግጭት ሲነሣ ብዙ ሰው ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። እርቅ ምን እንደሚጠይቅ አገሬው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ኬንያ በማይኮናና በዱካና የቦረናና የገብራ ማኅበረሰቦች ሲታረቁ ጥፋት በከብት የሚካስበትን ደንብ በጽሑፍ አስቀምጠዋል።

ቋንቋው አያስቸግርም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ናይጄሪያውያን ለንደን ግሎብ ላይ በዮሩባ ተጫውተውታል። ሞያሌ ላይ አንዱ ቤተ መንግሥት በአማርኛ፣ ሌላው በስዋሂሊ ቢናገር ማን ይደነግጣል? በተውኔቱ ያለው የእረኞቹ የበግ ሽልት ድግስ ግን መለወጥ አለበት፤ የቦረና በግ ሱፍ የለውም። ከሁሉ የሚከብደው መጨረሻው ነው። ሊዮንቴስ በጸጸት ብቻ ሚስቱን ሲረከብ ከተመልካቹ መሐል አንድ አዛውንት «ካሳውስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ አዘጋጁ መልሱን በልምምድ ላይ ቢያስብበት ይሻለዋል።