ሳንጠራቸው የሚከፈቱ ፋይሎች

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል ለምንመዘግብ መምህራን፣ ያልጠራነው ፋይል በራሱ መከፈቱ ተራ ችግር አይደለም፤ ባልታሰበው ሠንጠረዥ ላይ የሰፈረ ውጤት የተማሪን ዕድል ያዛባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤክሴል ሲነሣ «ኤክስኤልስታርት» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያገኘውን የሥራ ፋይል ሁሉ ይከፍታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታወቀው «ላሩ» የተባለ ማክሮ ቫይረስም «ፐርሰናል» የተሰኘ ፋይል እዚያው በማኖር ይሠራጭ ነበር።

ስለዚህ ኤክሴልን ዘግተን ፎልደሩን በኮምፒውተሩ ውስጥ እንፈልግ። ፋይሉን ወዲያው አንሰርዘው፤ የራሳችን ማክሮዎች ሊኖሩበት ይችላሉና ወደ ሌላ ሥፍራ እናዛውረው። ችግሩ ካልተወገደ፣ በ«ኦፕሽንስ» ሥር «አድቫንስድ» ወደሚለው ክፍል ገብተን፣ ኤክሴል ሲነሣ ፋይሎቹን የሚከፍትለት ሌላ ፎልደር ስም የተጻፈበትን ሣጥን ባዶ እናድርግ።