መላውን አካል ባንድ ቀን ማሠራት ይሻላል ወይስ በየክፍሉ?

ብረት በማንሣት ሰውነታቸውን ለማጎልመስ የሚተጉ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ባንድ ጥያቄ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ይኸውም፥ መላውን አካል ባንድ ቀን አሠርቶ በማግሥቱ ማረፍ ይሻላል፤ ወይስ ዛሬ ደረትን፥ ነገ ጀርባን፥ ከነገ ወዲያ እግርን እያሉ ለየክፍሉ ቀን መመደብ ይሻላል የሚል ነው። ነገሩ ይበልጥ የሚመለከተው ጡንቻ የሚያፋፋ መድኃኒት ሳይወስድ በተፈጥሮ ኃይሉና በምግቡ ብቻ የሚሠራውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጊዜውና ድካሙ ያለ ፍሬ እንዳይቀርበት መንገዱን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ቀድሞ የነበሩት ስመ ጥር ጎበዛዝት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት መላ አካላቸውን ባንድነት ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1947 ሚስተር አሜሪካ፥ በ1950 ሚስተር ዩኒቨርስ የተባለው፥ ኋላም በ1958 በኢጣልያ በተሠራው የሄርኩለስ ፊልም ስሙ የገነነው ስቲቭ ሪቭስ፥ በሳምንት ሦስት ቀን መላ አካሉን እያሠራ በመካከሉ ያርፍ ነበር። በዚያው በ1958 ዲያናቦል የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት የመድኃኒቱ ልማድ በዚህ ስፖርት ውስጥ ሲስፋፋ፥ አካልን በየቀኑ ከፋፍሎ የመሥራት ልማድም እየገነነ ሄደ። ከ1970 እስከ 1975፥ እንዲሁም በ1980 ሚስተር ኦሊምፒያ የሆነው አርኖልድ ሽዋርዝኔገር በሳምንት ስድስት ቀን ከፋፍሎ ይሠራ ነበር፤ መድኃኒት መውሰዱንም ኋላ ራሱ ገልጧል። ይሁን እንጂ እርሱ እያንዳንዱን ጡንቻ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ያሠራው ነበር። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ግን አከፋፈሉን ብቻ ወስደው አንዱን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ማሠራትን እንደ ሕግ ያዙት።

መድኃኒት የሚወስደውና የማይወስደው ሰው ልዩነት ቀላል አይደለም። በ1996 በአሜሪካ የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፥ ለ10 ሳምንት ቴስቶስቴሮን እየተወጉ ምንም ብረት ያላነሡት ሰዎች 3 ኪሎ ያህል ስብ ያልሆነ ሥጋ ሲጨምሩ፥ ሳይወጉ በትጋት የሠሩት ግን የጨመሩት 2 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለመድኃኒቱ ሥራውን እንዴትም ቢያከፋፍለው ሊያድግለት ይችላል፤ የእርሱን ሥርዓት እንዳለ የሚቀዳ ሌላ ሰው ግን ያው ፍሬ ሳያገኝ ሲቀር ጉድለቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል።

ጡንቻ የሚገነባው ብረቱ በሚነሣበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባለው ዕረፍት ነው። በ1995 የታተመ የካናዳ ሊቃውንት ጥናት፥ ግንባታው ከሥራ በኋላ በ24ኛው ሰዓት እጥፍ ያህል እንደሚሆንና በ36ኛው ሰዓት ወደ ቀድሞው መጠን ሊመለስ እንደሚቃረብ አሳይቷል። እንግዲህ ጡንቻው ሰኞ ከሠራ በኋላ እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ የሚቀመጥ ከሆነ፥ ግንበኛው ብዙውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል ማለት ነው። በ2016 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያም አንድን ጡንቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሠራት ከአንድ ጊዜ እንደሚበልጥ ገለጠ።

ይህም ሲሆን፥ ከፋፍሎ መሥራት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2024 የታተመ ሌላ ማጠቃለያ፥ የሳምንቱ ሥራ ጠቅላላ መጠን እኩል ከሆነ በሁለቱ መንገዶች መካከል ይህን ያህል ልዩነት እንዳልተገኘ አስረድቷል። ዋናው የሥራው መጠን ነው፤ አከፋፈሉ መጠኑን ለማሟላት የሚያግዝ ዘዴ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። ለደረት በሳምንት 12 ዙር የተመደበለት ሰው ሁሉንም ባንድ ቀን ልጨርስ ቢል የመጨረሻዎቹን ዙሮች የሚሠራው በደከመ ክንድና በቀለለ ብረት ነው። በሦስት ቀን አራት አራት ዙር ቢያደርገው ግን ሁሉንም በሙሉ ኃይሉ ይፈጽማል።

ምርጫው እንግዲህ በሰውየው ቀን ብዛት ይወሰናል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚያገኝ የቢሮ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ መላ አካሉን ባንድነት ቢያሠራ ይበጀዋል፤ ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፥ በጀርባ ተጋድሞ ክብደትን ወደ ላይ መግፋት፥ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች ያዳርሳሉ። አራት ቀን ያለው የላይኛውንና የታችኛውን አካል ለይቶ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ያሠራል። ልምዱ የበዛና ከባድ ብረት የሚያነሣ ሰው፥ መላ አካሉን ባንድ ቀን ማሠራት ጊዜውንና ኃይሉን ስለሚጨርስበት፥ ከፋፍሎ መሥራቱ ተገቢ ነው፤ አንዱም ጡንቻ በሳምንት ከሁለት ጊዜ ያነሰ እንዳይደርሰው ብቻ ይጠንቀቅ።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ባለጉዳይ ወይም መንገድ አንዱን ቀን ቢያስቀርበት፥ እግሩን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የመደበ ሰው እግሩ 14 ቀን ሙሉ ያለ ሥራ ይቀራል፤ መላ አካሉን የሚያሠራው ግን ያጓደለውን ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ያገኘዋል። ሥራ የሚበዛበት ሰው የሌላውን ሥርዓት ከመቅዳቱ በፊት የራሱን ሳምንት ቆጥሮ፥ ሳያቋርጥ ሊፈጽመው የሚችለውን መንገድ ቢይዝ ፍሬውን ያያል።