ስለ ቮልስዋገን ጎማና ስለ ጣርማ በር ቁልቁለት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩትን ዋሻ ያልፋል። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ግድም ነው። መኪናው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ 1,800 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። የዛሬው ንግግራችን፣ ይህን ቁልቁለት የሚወርድ አሮጌ ቮልስዋገን ትልቅና ሰፊ ጎማ ቢገጠምለት ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

ቮልስዋገን በአገራችን የብዙ መንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያ መኪና የነበረ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። በሜክሲኮ የነበረው ፋብሪካ የመጨረሻውን በ1995 ዓ.ም ሠርቶ ቢያቆምም ቅሉ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም ይታያል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን አድሶ መያዝ ከቀድሞው የበለጠ የሚታሰብ ነገር ሆኗል። አድሶ የሚይዝም ሰው ከቀለሙ ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው በጎማው ላይ ነው።

ቮልስዋገንን የስፖርት መኪና ነው የሚል አይገኝም። ነገር ግን በ1948 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ፖርሽ 356 የተባለው ስመ ጥር የስፖርት መኪና የዚሁ መኪና የሥጋ ዘመድ ነው። ሞተሩ በስተኋላ መሆኑ፣ ጎማው በአምስት ብሎን መያዙ፣ የኋላ እግሩ አሠራር ሁሉ ከቮልስዋገን የተወረሰ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የፖርሽ 356 ባለቤቶች ጎማ እያሰፉ የተማሩት ነገር ስለዚህ ለእኛም ይጠቅማል።

አስቀድሞ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉትን ሁለት ነገሮች መለየት ያሻል፤ ይኸውም ትልቅ ቸርኬና ትልቅ ጎማ አንድ አይደሉም። በጎማው ጎን 165/80 አር 15 የሚል ጽሑፍ ብናነብ፣ 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 80 እጅ መሆኑን ይናገራል፤ 15 ደግሞ ቸርኬው ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ (ዲያሜትሩ) በኢንች ነው። አስልተን ብንደምረው መላው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 645 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ መጠን ዛሬ በቮልስዋገን ላይ የሚገጠመው ተራው ጎማ ነው። አሁን 215/75 አር 15 የሆነ የጭነት መኪና ጎማ በዚያው በ15 ኢንች ቸርኬ ብናደርግ ቁመቱ 703 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በአንጻሩ ቸርኬውን ወደ 17 ኢንች አሳድገን 205/50 ጎማ ብናለብሰው መላ ቁመቱ 637 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቸርኬው አድጎ ጎማው እንዲያውም አንሷል!

የሁለቱ ጉዳት እንግዲህ የተለያየ ነው። በ17 ኢንቹ ላይ የጎማው ጎን ከ132 ሚሊ ሜትር ወደ 102 ወርዷል። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ድንጋጤውን የሚቀበለው ይህ የጎማ ጎን ስለሆነ፣ ሲሳሳ የሚጎብጠው ቸርኬው ነው። ለከተማ አስፋልት ያምራል፤ በጥገና ላይ ባለ መንገድ ግን ባለቤቱን ወደ ጎሚስታ የሚያመላልስ ጌጥ ነው።

የከፋው ግን ቁመቱ ያደገው ጎማ ነው፤ በብዙዎች ዘንድ የሚወደደውም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም መኪናውን ከድንጋይ ያነሣልኛል ተብሎ ይታሰባል። በእርግጥ ያነሣል፤ ነገር ግን ከመሬት የሚነሣው የጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው። 58 ሚሊ ሜትር ጨምረን 29፣ ማለትም 3 ሣንቲ ሜትር የማይሞላ እናተርፋለን። ለዚህች ትርፍ የምንከፍለውን እንመልከት።

ከ645 ወደ 703 ማደግ ከመቶ 9 እጅ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለምና፣ መርፌው 80 ሲል መኪናው የሚሮጠው 87 ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን 225 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 206 ብሎ ይጽፈዋል። ባለቤቱም ቤንዚኑን ለኪሎ ሜትሩ ሲያካፍል መኪናው ነዳጅ መብላት ጀመረ ብሎ ካርቡራተሩን ያስፈታል።

ይህ ገንዘብ ብቻ ነው። የነፍስ ጉዳይ የሚሆነው በፍሬኑ ላይ ነው። መሬቱ የሚንከባለለውን ጎማ የሚያዞረው በጎማው ዳር በኩል ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ የሚይዘው በመካከል ባለው ታምቡር ነው። ጎማው ሲያድግ ታምቡሩ አላደገም። ረጅም እንጨት የያዘ ሰው ድንጋይ ለመፈንቀል እንደሚቀለው ሁሉ፣ ትልቁ ጎማ ለመሬቱ ረጅም እንጨት ሰጠው ማለት ነው። ስለዚህ መኪናውን ለማቆም የነጂው እግር ከመቶ 9 እጅ የበለጠ መርገጥ ይኖርበታል። ከዚህም በላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ይዞ የሚያግዝበት ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። የሞተሩ እርዳታ ያነሰውን ደግሞ የሚሸከመው ያው ታምቡር ነው።

ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ለመገመት፣ ከሰዎቹ ጋር 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ50 ሊትር የማያንስ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ብዙውን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይካፈሉታል፤ የቀረው ግን በሙሉ በአራቱ ታምቡሮች ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ታምቡሩ ከመጠን በላይ ሲግል ወደ ውጭ ይሰፋል፣ የፍሬኑ ሸራም መያዝ ያቅተዋል። ነጂው ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይታዘዝም። ይህ የሚደርሰው ደግሞ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሳይሆን ብዙ ከተወረደ በኋላ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ተፈትኖ ደኅና የተባለ ፍሬን ዋስትና አይሆንም።

በመልሱም ጉዞ ያው ነው። 1,300 ሲሲ የሆነው ቮልስዋገን በፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት አለው ቢባልም፣ በጣርማ በር ስስ አየር ከዚህ ከአንድ አራተኛ በላይ ይጎድልበታል። ትልቅ ጎማ ከተጨመረበት ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው በሁለተኛ ይወጣል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተርም እየጮኸ ይግላል።

ወደ ስፋቱ እንምጣ። ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ በመታጠፊያ የተሻለ እንደሚይዝ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከመሬት ጋር የሚገናኘው ቦታ በአብዛኛው የሚወሰነው በመኪናው ክብደትና በጎማው ነፋስ ነው፤ ስፋት ሲጨመር መልኩ አጭርና ሰፊ ይሆናል እንጂ ቦታው የሚታሰበውን ያህል አይበልጥም። ቮልስዋገን ሞተሩ በስተኋላ ስለሆነ ፊቱ ቀላል ነው፤ ሰፊ የፊት ጎማ በክረምት ዝናብ ውሃውን መቅደድ አቅቶት በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ መሪውም ባዶ ይሆናል። ጠባቡ ጎማ ውሃውንና ጭቃውን ቆርጦ መሬት ያገኛል።

የኋላው እግር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በአሮጌዎቹ ቮልስዋገኖችና በፖርሽ 356 የኋላው ዘንግ የሚታጠፈው በማርሽ ሣጥኑ በኩል ብቻ ነው። በመታጠፊያ ላይ በድንገት ነዳጅ ሲለቀቅ ወይም ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ጀርባ ይነሣል፣ የውጭው ጎማም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጎማው ሰፊና አጥብቆ የሚይዝ ሲሆን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ስለሚበዛ ጀርባውን የበለጠ ያነሣዋል። ሰፊ ጎማ ገጥሜአለሁ ብሎ የደብረ ሲናን ጥምዝ በፍጥነት የሚገባ ሰው የተማመነበት ነገር ራሱ ሊጥለው ይችላል።

ስለ ብሎኑም አንድ ቃል። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቮልስዋገን በአብዛኛው ባለ አምስት ብሎን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው ባለ አራት ነው። የጃፓን መኪና ቸርኬ ቀዳዳው አይገጥምም። በመካከል ብረት አስገብቶ ማጋጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ክብደቱ ኩሽኔታውን በሩቅ ሆኖ ይጠመዝዘዋል፣ ጎማውም ፓራፋንጎውን ይልሳል። በጭነት መሬት ሲረግጥ የሚቆረጠው ጎማው ነው።

ታዲያ ምንም አይነካ ማለታችን አይደለም። የፖርሽ 356 ባለቤቶች ብዙዎቹ የረጉበት መጠን 185/70 አር 15 ነው፤ ቁመቱ 640 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከተራው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ያንሳል፣ ማርሹንም ፍሬኑንም አያውክም። ሆኖም ይህ ጎማ 4 ኢንች ስፋት ባለው በቀድሞው ቸርኬ ላይ አይለበስም፤ 5 ወይም 5 ተኩል ኢንች ያሻዋል። በአሮጌው ቸርኬ መቆየት የሚፈልግ 165ቱን ይያዝ፣ ካላማዳሪያውንም አይተው፤ አሮጌው ቸርኬ የጎማውን ከንፈር አጥብቆ የሚይዝ ጉብታ ስለሌለው ነፋሱ የጎደለ እንደ ሆነ ጎማው ሊወልቅ ይችላል።

የነፋሱ ልክ ለተራው ጎማ ከፊት 16፣ ከኋላ 24 ፓውንድ ግድም ነው። አራቱንም እኩል መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ የተደረገው ከባዱ ጀርባ እንዳይቀድም ነው። ብዙ ነጂዎች ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሙቀት ነፋሱን አብዝቶታል ብለው ያስተነፍሳሉ። በደብረ ብርሃን ብርድ 24 ተሞልቶ የነበረ ጎማ በሸዋ ሮቢት በጥላ ሥር አድሮ ቢለካ ግን ያው 24 ግድም ሆኖ ይገኛል፤ ሙቀቱ የጨመረውን የቆላው ከባድ አየር ከውጭ ተጭኖ ያቻችለዋል። ከጉዞ እንደ ደረሱ የሚታየው ጭማሪ ጎማው በመንከባለል የሞቀው ነው። እርሱን ያስተነፈሰ ሰው ጠዋት በጎደለ ጎማ ወደ አጣዬ ይነሣል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየተጣጠፈ በቆላው ሜዳ ላይ ይግልና ይፈነዳል። መለኪያው የሚያዘው ማለዳ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው። በዚያው ጊዜ በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ማየት ይቻላል፤ 1218 ቢል በ2018 እ.ኤ.አ. በ12ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑ ነው። ትንሽ የተነዳ አሮጌ መኪና ጥርሱ ያልተበላ፣ ግን ላስቲኩ በዕድሜ የደረቀ ጎማ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነውና፣ ጥርሱን ብቻ አይቶ ደኅና ነው ማለት አይበቃም።