ከካልሲ የተሠራች ተሸላሚ

ሯጭ በሰዓት ይለያል፣ ኳስም በጎል። የቴሌቪዥን ፕሮግራምስ በምን ይወዳደራል?

በጀርመን አገር ሙኒክ ከተማ «ፕሪ ዠኔስ» የሚባል የልጆች ቴሌቪዥን ፌስቲቫል አለ። በፈረንጆች 1964 ተመሠረተ፤ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። ኤን ኤች ኬ የተባለው የጃፓን ጣቢያም በ1965 ለትምህርታዊ ፕሮግራሞች «የጃፓን ሽልማት»ን አቋቁሟል። ይሄኛው በየዓመቱ ነው።

የሙኒኩ አዳኘት ደስ ይላል። ከየአገሩ የመጡ ፕሮግራም ሠሪዎች አዳራሽ ተቀምጠው አብረው ያያሉ፣ በቡድን ሆነው ይከራከራሉ፣ ከዚያ ነጥብ ይሰጣሉ። የሚዳኘውም በዕድሜ ተለይቶ ነው፤ የትንንሾቹ ለብቻ፣ የትልልቆቹ ለብቻ። ልክ ናቸው፤ አንደኛ ክፍል ከስምንተኛ ክፍል ጋር ይሮጣል እንዴ? ነጥብ የሚያዘው በሐሳቡ፣ በድርሰቱ፣ በአሠራሩና ለተባለው ዕድሜ በመስማማቱ ነው።

በፈረንጆች 2008 ከሁለቱም ውድድር ሽልማት ያገኘ የኢትዮጵያ ፕሮግራም አለ፦ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ያስገኟት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ መምህርት ነበሩ። ኮምፒውተር አዋቂ ከሆኑት አሜሪካዊ ባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ2005 «ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ»ን አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹን አሻንጉሊቶች የሠሩት ከምን መሰላችሁ? ከካልሲ! አዎ፣ እግራችን ላይ ከምናጠልቀው። ቀረፃውም እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነበር። የፀሐይ ድምፅም የራሳቸው የመምህርቷ ነው። ቀጭኔዋ በአማርኛ እያወራች፣ አማርኛ የማይሰሙ ዳኞች በትርጉም ተከታትለው ሸለሟት። በ2010 ደግሞ ወይዘሮ ብሩክታዊት የጤና ትምህርትን በዚሁ መንገድ ለሕፃናት ለማድረስ ባቀረቡት ሥራ ከሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆኑ።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለናል። ከግሽ ዓባይ ወጣ ሲባል መብራት ያልገባበት ጎጥ አለ። እዚያ ያለ ልጅ ፀሐይን በምን ይያት? የተሸለመችው እኮ ለእሱ ዕድሜ ተሠርታ ነው።

ስለዚህ ክበባችን ለአንደኛ ክፍል ልጆች ተረት በአሻንጉሊት ሊያሳይ አስቧል። መብራት አያስፈልገውም። አንድ እግሩ የጠፋበት ካልሲ ያላችሁ፣ አጥባችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስረክቡ። ለዓይን የሚሆን ሁለት አዝራርም አትርሱ። የሸተተ አንቀበልም!