በጄኔሬተር የተበየደ በር ስንት ያወጣል?

የግቢዬን በር የሠራልኝ ወጣት ጄኔሬተሩን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ሰፈሩ ገና ቆጣሪ አልገባለትም። ገመዱን ስቦ ሞተሩን አስነሳና ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ ቱቦላሬውን በግራይንደር ቆረጠ፣ ረዳቱን ዲስክ ሊገዛ ላከው። ሞተሩ ይጮኻል። እኔ ሰዓት መያዝ ልማዴ ነውና በስልኬ ያዝኩ። በ3 ሰዓት ውስጥ የብየዳው ብልጭታ የታየው ተደማምሮ 40 ደቂቃ አይሞላም።

በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ በ80 አምፒር የሚበይድ ኢንቨርተር ማሽን ወደ 2.2 ኪሎዋት ይስባል። ለ40 ደቂቃው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ ግራይንደሩ ሲታከል 2 እንበለው። ለዚህ 4 ሊትር ያህል ቤንዚን ሄደ። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ሲጀምር፣ ሐምሌ 2014፣ ሊትሩ 48 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ከ100 ብር አልፏል። በ100 ብር ብቻ ብናሰላው አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 200 ብር ወጣበት። የመስመሩ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ እየጨመረ ቢመጣም፣ ያንኑ ሥራ ከግድግዳ ሶኬት ቢሠራው ከ20 ብር ባልበለጠ ነበር። ያውም ቤንዚኑ በማደያ ዋጋ ከተገኘ ነው። ማደያ በጀሪካን አይቀዳም፤ የፈቃድ ደብዳቤ የሌለው በያጅ ከጥቁር ገበያ ነው የሚገዛው።

ሰው ብየዳ ነዳጅ ይበላል ብሎ ያስባል። የበላው ግን መለካቱ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ምንም ሳይሠራ ሲዞር እንኳ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከ4ቱ ሊትር ከግማሽ በላይ የሄደው ልጁ ሜትር ይዞ በቆመበት፣ ረዳቱም ዲስክ ፍለጋ በዞረበት ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ 5 ኪሎዋት ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለኝ ሻይ ስንጠጣ። «ባለ 3.2ቱን ኤሌክትሮድ ሳስገባ ግን ያቃስታል። አታለሉኝ መሰለኝ።»

ሻጩ አልዋሸም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ጅቡቲ ወደብ ላይ 5 ኪሎዋት ሆኖ የተራገፈው ጄኔሬተር ድሬዳዋ ሲደርስ 4.3 ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ሲገባ 3.6። ባለ 3.2 ሚሊው ኤሌክትሮድ በ120 አምፒር ሲበየድ ደግሞ ማሽኑ ለብቻው ወደ 3.5 ኪሎዋት ይፈልጋል። ቢያቃስት ምን ይገርማል? አሮጌው የትራንስፎርመር ማሽን ቢሆን ጭራሽ አይሸከመውም ነበር። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው የቤንዚን ቀዳዳ ለደጋ በሚሆን ጠባብ ብትቀየር ጥቁሩ ጭስና የነዳጅ ብክነቱ ይቀንሳል፤ የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም።

እዚህ ላይ የአገርም ሒሳብ አለ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ደጋ ላይ ላሉ ወርክሾፖች የምናስገባው እያንዳንዱ ትንሽ ጄኔሬተር ከዋጋው ከሩብ በላዩ መቼም ላንጠቀምበት ጉልበት የተከፈለ ነው። አስመጪዎች ሰሌዳው አጠገብ «አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል» የሚል አንዲት ወረቀት ቢለጥፉ ምን ነበረበት? እርግጥ ነው፣ ገዢው ያኔ ባለ 7ቱን ይጠይቃል፤ እሱም ሥራ ፈትቶ ሲዞር የበለጠ ይጠጣል።

5,150 ሜጋዋት የተተከለበት የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የእኔን ሰፈር የቸገረው ግን የሚመነጨው ኃይል ሳይሆን ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው ነው። እስኪደርሱ ልጁ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ መብራት ባለበት ወርክሾፑ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ነካክቶ አያይዞ መምጣት።

ነገርኩት። በሳምንቱ የመስኮቶቹን ፍሬም ሁሉን ቆርጦ አመጣ። ጄኔሬተሩ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ጮኾ ጠፋ። ዋጋው ላይ ግን ሳንቲም አልቀነሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።